ከፍግ ክምር እስከ ማሽላ ራስ፦ ጥንዚዛን በቤት ስለማሳደግ

በምሥራቅ ሱዳን በምትገኘው በወድ ኤል ሒለው ለወላጆችና ለልጆች የቀረበ ዲስኩር



የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዚህ ክረምት አንድ የጥንዚዛ እጭ ከፍግ ክምር አውጥቶ፣ አፈር በሞላ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪታይ ድረስ ያሳድግ። አንድ ብቻ ይበቃል። ልመናዬ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነው፤ «ማሽላችንን የሚበላውን ጠላት በቤታችን ቀልበን ልናሳድግ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬም ከመካከላችሁ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አልሸሸውም፤ ከምናገረውም ብዙው ለእሱ መልስ ነው።

መጀመሪያ ከፍጥረቱ ጋር እንተዋወቅ። ጥንዚዛ ዕድሜውን በአራት ደረጃ ያሳልፋል፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ፣ በመጨረሻም ክንፍ ያለው ጥንዚዛ። እጭ የምለው እናንተ «ነጭ ትል» ብላችሁ የምታልፉትን ነው። ከበረት ዳር የከረመ ፍግ ሲገለበጥ ክብ ሆኖ ታጥፎ ይገኛል፤ ወፍራም ነው፣ ገላው ነጭ፣ ራሱ ቡናማ፣ የጅራቱ ጫፍ ግን ጠቆር ያለ። የጠቆረው ቆሽሾ አይደለም፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ የበላው ፍግና አፈር በውስጡ ስለሚታይ ነው። ከራሱ ሥር ሦስት ጥንድ እግር አለው። ጎኑን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በግራና በቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች ተደርድረዋል። የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፤ አፉ ለመብላት ብቻ ነው። ልጆች ይህን ሲነገራቸው አያምኑም፣ ቆጥረው ሲጨርሱ ግን ለጎረቤት ልጅ ሊነግሩ ይሮጣሉ።

ቆዳው አብሮት አያድግም። ስለዚህ እጭ እያለ ሁለት ጊዜ አሮጌውን ቆዳ ቀዶ ይወጣል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጥለው ፑፓ ይሆናል። ቆዳውን እንደጣለ ራሱ ከቡናማነቱ ነጥቶ፣ ለስልሶ ይታያል፤ ቆይቶ ይጠነክራል። በዚህ ሰዓት መነካት የለበትም። በዚሁ መንደር በአንድ ጎረቤት ቤት እጭ በቆርቆሮ የምታሳድግ ልጅ ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ እጇን ወደ ቆርቆሮው ልትሰድ ስትል ራሱ መንጣቱን አይታ እጇን መለሰች፣ ታናሽ ወንድሟንም በክርኗ ገፋ አድርጋ አራቀችው። ከዚያ ጆሮዋን ከቆርቆሮው ጎን ለጠፈችው። እጩ ደረቅ ቅጠል ሲቆረጥም፣ ገላውም ከቆርቆሮው ጋር ሲፋተግ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ ይሰማል።

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ ልግባ።

በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ነጭ እጭ ሁሉ የአንድ ዓይነት ጥንዚዛ ልጅ አይደለም። ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። እጩን ትሪ ላይ አስቀምጡት። አንዳንዱ በጎኑ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እግሩን ቢያወራጭም ብዙ አይርቅም። አንዳንዱ ግን ወዲያው ይገለበጥና በጀርባው መሄድ ይጀምራል። ስድስቱ እግሮቹ ወደ ሰማይ ተንጠልጥለው ሥራ ፈትተው፣ የጀርባው ጡንቻና አጫጭር ጸጉሩ ወደፊት እየገፉት፣ ከትሪው ጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛል። ብትገለብጡት መልሶ ይገለበጣል። እንዲህ የሚሄደው አበባና ፍራፍሬ የሚወዱት ጥንዚዛዎች እጭ ነው፤ የማሽላው ጥንዚዛም የዚህ ወገን ነው።

የማሽላው ጥንዚዛ በሳይንስ ስሙ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ይባላል። ጥቁርና ቢጫ የተዥጎረጎረ፣ ጠንካራ ክንፍ ያለው ነው። በምዕራብ እስከ ማሊ ድረስ ይታወቃል፤ እዚያ የሚያጠቃው ዳጉሳ መሰሉን የበረሃ እህል፣ እነሱ ሚሌት የሚሉትን ነው። በኢትዮጵያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ሸዋ ቆላና በአጎራባቹ አፋር በመንጋ እየተነሳ ማሽላ አውድሟል። ማሽላው ወተት ሲቋጥር ራሱ ላይ ይሰፍርና ፍሬውን ይመጠምጠዋል፤ አንድ ራስ ላይ ብዙ ሆነው ተደራርበው ሲያርፉ አገዳው እስኪያጎነብስ ድረስ ይከብዳሉ። ያንን ያየ ሰው ስለ ጥንዚዛ በጎ ነገር መስማት ቢከብደው አልፈርድበትም። እኛ ያለንበት ምድር ደግሞ የማሽላ ምድር ነው። ትራክተር ወደ ገዳሪፍ ሜዳ ከገባበት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ዋልካ መሬት በማሽላና በሰሊጥ ነው የሚታወቀው። ከማዶ ከመተማና ከሑመራ ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣው ወገናችንም የሚመጣው ለዚሁ እህል ነው።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው የዚህን ጥንዚዛ ኑሮ ለዓመታት አጥንተዋል። ካገኙት ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው የዓመቱ አቆጣጠር ነው። በዓመት የሚወልደው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። በሰኔና በሐምሌ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ከተቀበረበት ይወጣል፤ ይገናኛል፤ ሴቷ እርጥብና ልል አፈር፣ የከብት ፍግ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር የተጠራቀመ ቅጠል ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥላለች። ክረምቱን እጩ መሬት ውስጥ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አዲሱ ትውልድ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ አይገናኝም፣ ሥራው መብላት ብቻ ነው፤ ከማሽላው ወተት ጋር የሚገጥመውም ይህ ወቅት ነው። ከዚያ ጠግቦ መሬት ይገባና ረጅሙን ደረቅ ወራት ሳይበላ ሳይጠጣ ተኝቶ ይከርማል፤ እስከሚቀጥለው ሰኔ።

አባቶቼ፣ ይህን በደንብ እንየው። ማሽላ ራስ ላይ ሲሰፍር ነው የምንነቃው። ያኔ የሚረጭ መድኃኒት እንፈልጋለን፣ ገንዘብ እናወጣለን፣ ንቡንም አብረን እንፈጃለን፤ ጥንዚዛው ግን ከአንዱ ማሳ ተነስቶ ወደ ሌላው ይበራል። ክንፍ ሳያወጣ፣ በነሐሴ፣ ከበረታችን አጠገብ ተኝቶ ነበር። ያን ጊዜ የፍግ ክምሩን ገልብጦ ለዶሮ መተው ምንም ወጪ የለውም። ይህን ግን ማን ያስታውሳል? ወር በወረቀት ላይ ሲነገር ይረሳል። እጩን በገዛ ቆርቆሮው ያሳደገ ልጅ ግን ነሐሴ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ጷጉሜን ላይ የት እንደሚገባ፣ መስከረም ላይ በምን ቀን ብቅ እንዳለ ያውቀዋል፤ ደብተሩ ላይም ጽፎታል። ያ ልጅ ነገ ገበሬ ሲሆን ጠላቱን የሚጠብቀው በማሽላ ራስ ላይ አይደለም። እንግዲህ ለጥያቄው ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ አንዱን ማሳደግ ሺውን በጊዜው ማግኘት ያስችላል።

ደግሞም በፍግ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም፤ አብዛኛው ሠራተኛችን ነው። እበት እያንከባለለ የሚሄደውን ጥቁር ጥንዚዛ እረኞች ሁሉ ታውቁታላችሁ። እሱ እበቱን መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ አፈሩ ይፋፋል፣ ዝንብ የሚፈላበት ቦታ ይቀንሳል። የዚህን ጥቅም ያወቁት አጥተው የቸገራቸው ናቸው። ወደ አውስትራሊያ ከብት የገባው ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ነው፤ የአገሩ ጥንዚዛ የለመደው የካንጋሮን ደረቅ ኩስ ስለሆነ የላም እበት አልነካም አለ። ሜዳው በእበት ተሸፈነ፣ ዝንቡ ሰው አላስቀምጥ አለ። ጆርጅ ቦርኔሚሳ የሚባል ተወላጅነቱ ሃንጋሪ የሆነ ሳይንቲስት መፍትሔውን አየ፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእሱ ሐሳብ ከአፍሪካ የእበት ጥንዚዛ እየተወሰደ በአውስትራሊያ ተለቀቀ። ለዚያ ሲባል ውቅያኖስ ያሻገሩት ፍጥረት ከእኛ በረት ደጅ በነጻ ይሠራል።

ይህንን የእበት ጥንዚዛ ግን ለማሳደግ አትሞክሩ። እናቱ አንድ እንቁላል በአንድ የእበት ድቡልቡል ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ ልጇ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ስንቁ ያ ብቻ ነው። ድቡልቡሉን መስበር ምግቡንም ቤቱንም መስበር ነው። ቢሰበርበት እጩ የራሱን ኩስ ተጠቅሞ ቀዳዳውን ለመድፈን ይታገላል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ያየው ዣን-አንሪ ፋብር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ከ1823 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ ደኻ አስተማሪ። ስለ እሱ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ሥራውን የሠራው ከቤተሰቡ ጋር ነው። ትልቅ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ለዓመታት ያስተማረበት ደመወዝ ልጆቹን ለማብላት የማይበቃ ነበር፤ በመጨረሻ ሴሪኛን በምትባል መንደር ድንጋያማና እሾሃማ መሬት ገዛ፣ ለእርሻ የማይሆን፣ ለነፍሳት ግን የተመቸ። እዚያ ከልጆቹ ጋር ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ጎጆ እየፈለገ፣ ጥንዚዛና ተርብ በማሰሮና በብርጭቆ እያኖረ ተመለከተ። ዡል የሚባለው ልጁ በነፍሳት ፍቅር ከሁሉ ይበልጥ አባቱን የመሰለ ነበር፤ በ1877 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሞተ። አባቱ አዲስ ላገኛቸው ተርቦች የልጁን ስም ሰጣቸው። የእበት ጥንዚዛዋ እንቁላሏን የምታኖረው በምን ዓይነት ድቡልቡል እንደሆነ ለዓመታት ፈልጎ ያጣውን ደግሞ ያመጣለት ሊቅ አልነበረም፤ አንድ ወጣት እረኛ ከመሬት ቆፍሮ ፒር የሚባለውን ፍሬ ቅርጽ የያዘ ድቡልቡል ይዞለት መጣ። ፋብር ይህን በመጽሐፉ ውስጥ በደስታ ጽፎታል። እዚህ የተቀመጣችሁ እረኞች ስንት እንደዚህ ያለ ነገር አይታችሁ፣ የሚጠይቃችሁ አጥታችሁ ዝም እንዳላችሁ አስባለሁ።

የእበት ጥንዚዛ ለዚህ ለተከዜ ወንዝ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ተከዜ እዚህ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ይገናኛል፣ አትባራም ከናይል፤ ውሃው የሚደርሰው ግብፅ ነው። የጥንት ግብፆች እበት የሚያንከባልለውን ጥንዚዛ አይተው ፀሐይን በየማለዳው ገፍቶ የሚያወጣ ኬፕሪ የሚሉት አምላክ አድርገው ሣሉት፤ ምስሉን ከድንጋይ ቀርጸው በአንገታቸው አጠለቁ፣ ከሙታናቸውም ጋር ቀበሩት። እኛ እንድናመልከው አይደለም የምነግራችሁ። ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው ሁሉ እንደተደነቀበት ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

ዕቃው ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወይም አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ሸክላ ካላችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ ቆርቆሮ በዚህ አገር ሙቀት ቶሎ ይግላል። ክዳኑን በሚስማር ብሱት። ውስጡ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው አፈር ይግባበት፤ አፈር ስል ግን ዋልካውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ዋልካ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እጩንም ያፍነዋል። የከረመ፣ ሽታ የሌለው፣ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈር ፍግ ግማሹን ይሁን፤ የቀረው ከዛፍ ሥር የተሰበሰበ የበሰበሰ ቅጠል ነው። የቁርቁራ ቅጠል ጥሩ ነው። የኒም ቅጠል ግን በፍጹም አይግባ! በየግቢያችን ስላለ እጃችን ቶሎ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ኒም ነፍሳትን የሚገድል መርዝ በውስጡ አለው፣ ሰው ለዚሁ ሲል ከእህል ጋር ያስቀምጠዋል። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የመጣ ገለባም እንዲሁ አይሆንም። እርጥበቱን የሚለካው ትንሹ ልጅ ነው፤ አፈሩን በጭብጡ ይጨብጥ፣ ውሃ ሳይንጠባጠብ ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው።

የሚቀመጥበት ቦታ ነው ትልቁ ነገር። በሚያዝያና በግንቦት እዚህ ጥላ ውስጥ እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምቱም ደመና ሲገለጥ ፀሐዩ ያቃጥላል። በራኩባችሁ፣ በሣር ዳሱ ሥር፣ ዚሩ፣ የውሃ ማሰሮው፣ የቆመበትን ጥግ እዩ። ከዚሩ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬቱን ሁልጊዜ ያረጥበዋል፤ ከግቢው ሁሉ የቀዘቀዘ ቦታ ያ ነው። ዕቃውን እዚያ አስቀምጡት። ጉንዳን ከመጣ ውሃ በያዘ ሳህን መካከል ይቁም። የት እንደሚመች ከማንም በላይ የምታውቀው አያት ናት፤ ቡና ስታፈላ ከጎኗ ስለሚሆን ደረቀ አልደረቀ እሷ ትየው። አባትና ታላቅ ወንድም ከአረም ሲመለሱ ቅጠል ያምጡ። መጻፍ የሚችለው ልጅ ደብተር ይያዝ፤ በሳምንት አንድ ቀን እጩን በማንኪያ ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ርዝመቱን በክር ለክቶ፣ ክሩን ቆርጦ ከቀኑ ጋር ደብተሩ ላይ ይለጥፈው። ገጹ ሲሞላ ክሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው የእጩን ዕድገት ያሳያሉ፤ መጻፍ የማይችለው ትንሽ ልጅ እንኳ ያነበዋል። ከዚያ ውጭ ባሉት ቀናት መቆፈር የለም። ይህ ለልጅ ከባድ ነው፣ ለአንዳንድ አባትም እንዲሁ።

ጥቃቅን ደረቅ ፍሬ የመሰለ ኩስ ከአፈሩ እየበዛ ሲመጣ ምግቡ እያለቀ ነው ማለት ነው። የላዩን ግማሽ አውጥታችሁ በአዲስ ተኩት፤ ሁሉንም በአንዴ አትለውጡ፣ የለመደውን ያጣልና። የወጣውን ኩስ ለባሚያችሁና ለምሉኽያችሁ ሥር አድርጉት፤ የተጣራ ማዳበሪያ ነው።

ከዚያ ደብተሩ የሚዘጋበት ሳምንት ይመጣል። እጩ መብላቱን ያቆማል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ አፈርና ኩሱን አጣብቆ የርግብ እንቁላል የመሰለ ድፍን ቤት ይሠራና ውስጡ ይዘጋል። ይህ ቤት መከፈት የለበትም። «ሞቶ እንደሆነስ?» ትላላችሁ፤ ሁሉም ይላል። አትክፈቱት። በውስጡ የእጩ ገላ ፈርሶ ሌላ ገላ እየተሠራ ነው፤ እግሩ ረዝሞ፣ ክንፉ ተጠቅልሎ፣ ዓይን ያልነበረው ዓይን ያወጣል። የአፈሩን እርጥበት ብቻ ጠብቁ። ለማሽላው ዓይነት ጥንዚዛ ይህ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዚህ ወር የጀመረ ቤተሰብ በእንቁጣጣሽ አካባቢ አንድ ነገር ሊያይ ይችላል። አውራ ጣት የሚያክለው፣ ራሱ ቀይ ጥቁር የሆነው፣ በጎኑ የሚተኛው ትልቁ እጭ ግን የቀንዳሙ ጥንዚዛ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን የያዘ ብዙ ወራት ይታገስ።

ወላጆች፣ የሚከተለውን ስናገር ልጆችም በደንብ ስሙ። ፍግና ቅጠል የሚወደው እጭ ብቻ አይደለም። ጊንጥ አለ፤ እፉኝት አለ። ስለዚህ ማንም ልጅ በባዶ እግሩና በባዶ እጁ ክምር አይቆፍር፤ አዋቂ በዶማ ይገልብጥ፣ ልጅ በእንጨት ይለይ፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከዚህ የሚብሰው ካላዛር ነው። ገዳሪፍና ሑመራ በዚህ በሽታ ስንት ሰው እንደቀበሩ ከእናንተ ወዲያ የሚያውቅ የለም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በጣልህና በበደኖ ዛፍ ሥር ትኖራለች፤ ወጥታ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅጠልም ሆነ እጭ የሚለቀመው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ማንም ልጅ ከዛፍ ሥር አይገኝ። ትኩሳቱ ሳይለቀው የከረመ፣ ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ ልጅ ካለ ደግሞ ጥንዚዛውን ትታችሁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ።

ጃፓኖች ለዚህ ሥራ አርአያ ናቸው፤ ከስህተታቸውም መማር ይገባል። ካቡቶሙሺ የሚሉትን ቀንዳም ጥንዚዛ ልጆቻቸው ከእጭነቱ ጀምረው በፕላስቲክ ዕቃና በቅጠል አፈር ያሳድጋሉ፤ በበጋቸው ወራት በትልልቅ መደብሮች ሁሉ ይሸጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ከውጭ አገር ጥንዚዛ የማስገባቱ ገደብ ሲላላ ከእስያ ሞቃት አገሮች በብዛት ገባ፤ ከቤት ያመለጠውና የተለቀቀው ከአገሩ ዘር ጋር እየተዳቀለ ሳይንቲስቶቻቸውን አሳሰበ።  ስለዚህ እኛ የምንጠብቀው ደንብ ቀላል ይሁን፤ ከሰፈራችሁ ያነሳችሁትን በሰፈራችሁ አሳድጉ። ወደ ሑመራ ስትሻገሩ ይዛችሁ አትሻገሩ፣ ከማዶም አታምጡ፣ አትሽጡም።

አንድ ነገር በልቤ ስላለ ልናገረው። ይህች ወድ ኤል ሒለው ብዙ ሰው አሳልፋለች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ከኤርትራ የተሰደዱትን ተቀብላለች፤ በ1977ቱ ረሃብ ተከዜን ተሻግረው የመጡትን አይታለች፤ በ2013 በትግራይ ጦርነት ጊዜ በድንበሯ ሀምዳይት በኩል ሌሊቱን በጀልባና በእግር የገቡትን አይታለች። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱን ፈርተው ከካርቱም የሸሹት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው መጡ። ነባሩም ሰው ቢሆን የሩሜላና የቡርዳና ግድብ ውሃ ሲሞላ ከወንዝ ዳር መንደሩ ተነስቶ በአዲስ ሰፈር የተተከለ ነው። የእነዚህ ሁሉ ልጆች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ጥለውት የመጡት እንስሳ ነው፤ ጥጃ፣ ውሻ፣ የአያት በቅሎ። ልጁ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጥጃ ለመግዛት አቅም የለም፤ ውሻም ቀለብ ይፈልጋል። እጭ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ለዚያ ልጅ በየጠዋቱ ተነስቶ የሚያየው፣ እሱ ቢረሳው የሚደርቅ፣ ቢያስታውሰው የሚያድግ ነፍስ ይሆንለታል። ስለዚህ ልጃችሁ ነጭ ትል በእጁ ይዞ ቤት ሲገባ አትጩሁበት፣ እናቶቼ። መጸየፍ ከእናንተ ወደ እሱ ይተላለፋል፤ አይታችሁ ብትገረሙ ያም ይተላለፋል።

ጥንዚዛው ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአፈሩ ሥር ሊቆይ ይችላል፤ ቅርፊቱ ይጠነክር ዘንድ። ከዚያ የበሰለ ሙዝ ወይም የሀብሀብ ቅርፊት ስጡት። ሲበርም እዩት፤ አብዛኞቹ ጥንዚዛዎች ጠንካራውን የላይ ክንፍ ከፍተው ሲበሩ፣ የማሽላው ወገን ዘግቶት በጎኑ ካለው ክፍተት ስሱን ክንፍ አውጥቶ ይበራል፤ ፈጣንም ነው። ስለዚህ በመጋረጃ ወይም በወንፊት የተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ጥቁርና ቢጫ የማሽላ ጥንዚዛ ከሆነ ወደ ማሳ አይለቀቅም፤ በቤታችሁ በልቶ፣ ጥቅምት ሲያልቅ አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ አፈሩን በስሱ እርጥበት ጠብቃችሁ ከዚሩ ጎን አክርሙት፣ በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ብቅ ማለት አለማለቱን ልጁ ይጻፍ። ቀንዳሙ ከሆነ ደግሞ ወደ ተነሳበት የፍግ ክምር በማታ ሳይሆን በማለዳ መልሱት።

ለመጀመር የምትፈልጉ አርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ባለው አሮጌ በረት እንገናኝ። ከየቤቱ አንድ አዋቂና የፈለጋችሁትን ያህል ልጆች ኑ። ጫማ ይደረግ። ዕቃውን በሚስማር በስታችሁ፣ ቅጠሉን ከትናንት አርጥባችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዶማና ትሪ እኔ አመጣለሁ። ዶሮ ያላችሁም ዶሮዎቻችሁን አታስሩ፤ ከክምሩ የሚተርፈው ለእነሱ ነው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፤ እርስዎ አባባ፣ ቅድም እጅዎን አንስተው ነበር፣ ይቀጥሉ።